የመምህሩ ቤት ጢስ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጅ ልጄ ሀዊ ዘንድሮ አስተማሪ ሆና ወደ ኑኑ ቁምባ ተመድባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነቀምቴ ትመጣና ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ «አያቴ፣ ዛሬም ቤት አላገኘሁም» ትለኛለች። የሚከራየው ክፍል ወይ ከአቅሟ በላይ ነው፣ ወይ የመጠጥ ቤት ጓሮ ነው። ባለፈው እንዲሁ እያማረረች ሳለ፣ ጎረቤታችን ግድግዳ ሊያስመርግ ያቦካው ጭቃ በአጥሩ በኩል ሸተተኝ። ጭድ ገብቶበት አራት አምስት ቀን የከረመ ጭቃ ሽታው ለብቻው ነው፤ ሰው ይከረፋል ይላል፣ እኔን ግን ደስ ይለኛል። «እንደ መምህር አሥራት ቤት ሸተተ» አልኩ ሳላስበው።

«የማን ቤት?» አሉ። ሀዊም፣ ታናናሾቿም ዙሪያዬን ከበቡኝ። ከአፌ ከወጣ ወዲያ ማን ይለቀኛል። ነገርኳቸው፤ ሀዊ ደግሞ «ይኼንንማ ጻፊው» አለችኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ ግን ከትምህርት ቤት ግድግዳ ጀርባ ብዙ ቆሜአለሁ፤ እሱም ከተቆጠረልኝ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የምንኖረው ከነቀምቴ ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ከተማ ነበር። ከተማ እላታለሁ እንጂ ገበያ፣ ሁለት ጠጅ ቤት፣ አንድ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቱ ናቸው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነው፤ እናቴ የዚያው አገር ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ የእናቴ እናት በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይግባባሉ። ቀነኒ ትባላለች፤ እኛ አኮ እንላታለን፣ አያት ማለት ነው። ጭቃ ምርጊት ላይ የሚስተካከላት አልነበረም። ሰው ቤት ሲሠራ ወንዶቹ እንጨቱን አቁመው ይጠሯታል፤ እሷም መጥታ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ወይ «ገና ነው» ትላለች፣ ወይ ነጠላዋን ታሸርጣለች።

ትምህርት ቤቱ አንድ ረጅም ቤት ነው። ክዳኑ ሣር፣ መቀመጫው መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ። የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበርና በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ፣ ማገሩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ፈጦ ቀረ። ዝናብ ሲመጣ ተማሪዎቹ ደረቅ ወዳለበት ጥግ ይሸሻሉ፤ ጥጉም ሲያፈስ ወደሌላው። የሰፈር ፍየሎች በር ስለሌለ እንዳሻቸው ገብተው ይወጣሉ።

የእኔ ሥራ ውሃ መቅዳት ነው። ከምንጩ ስመለስ እንስራዬን የማሳርፈው ከዚያ ከፈረሰው ግድግዳ ጀርባ ነበር። በማገሩ መሃል ጡጫ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፤ ዓይኔን እሷ ላይ አደርጋለሁ። ተማሪዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አያለሁ፤ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔም በሹክሹክታ እላለሁ። የሚያዩትን ግን አላይም፤ ሰሌዳው የተሰቀለው እኔ በቆምኩበት ግድግዳ ላይ ነዋ! እስከ መጨረሻው በቃሌ ይዤው፣ «ሀ» ምን እንደምትመስል ሳላውቅ ከረምኩ። ክብ ትሆናለች ብዬ ነበር የማስበው፤ አፋቸው ሲሏት ክብ ይሆናላ።

ከመምህር አሥራት በፊት ሁለት አስተማሪዎች መጥተው ሄደዋል። ሰው ሲያወራ «ዝውውር ወሰዳቸው» ይል ነበር። እኔ ዝውውር የሚባለው እንደ ጎርፍ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አስተማሪን ብቻ እየመረጠ የሚወስድ። ሁለተኛው ሲወሰድ ትምህርት ቤቱ እስከ ቀጣዩ መስከረም ተዘጋ፤ ልጆቹ ወደ እርሻ ተመለሱ፣ ቤቱን ፍየሎች ወረሱት። ስለዚህ መምህር አሥራት ሲመጣ፣ በየቀኑ እንስራዬን አሳርፌ መጀመሪያ የማየው መኖሩን ነው። አለ? አለ። ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሃያ አምስትም የሞላው አይመስለኝም፣ ለዚህ ነው አንቱ የማልለው።

የሚኖረው ወይዘሮ አልጋነሽ ጠጅ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከመስቀል በኋላ አንድ የቀረጥ ጸሐፊ ወደ ከተማዋ መጣና ከእሱ የበለጠ እከፍላለሁ ብሎ ክፍሏን ወሰደ። ሌላ የሚከራይ አልነበረም። ይህን እኔ አላወቅሁም። አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ውሃ ወርጄ ስመለስ በቀዳዳዬ ባይ፣ መምህሩ ፍራሹን እየጠቀለለ ነው። ግንዶቹን ገጥሞ አልጋ አድርጓቸዋል። አንዲት ፍየል እግሩ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች።

ወዲያው ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። ፍየሎቹ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንዳይልሱ እየጠበቀ ነው የሚያድረው! እየሮጥኩ ለአኮ ነገርኳት። «አኮ፣ መምህሩ ፊደል ይጠብቃል፣ ከፍየሎቹ ጋር ያድራል!»

አኮ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «ማል ጄታ? ምን አልሽ? አስተማሪው የት ነው የሚያድረው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ከፍየል ጋር?»

«አንዷ ነች እንኳ» አልኩ፣ ነገሩን ላቀልላት ብዬ።

ነጠላዋን አደረገችና ቀጥ ብላ ሄደች። እኔም ተከትዬ ወደ ቀዳዳዬ።

«አካም ቡልተ፣ ኢልማ ኮ?» አለችው፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለቷ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ ደኅና ነኝ።»

«ደኅናስ አይደለህም። ሚስት የለህም?»

ሳቀ። «አለችኝ። አዲስ አበባ ናት። ከወለደች ሦስት ወር ሆናት፤ ልጄን አላየኋትም። ግን የት አስገባቸዋለሁ? እዚህ?» እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ፤ ጣሪያው ሰማይ ያሳያል። «ዝውውር ጠይቄአለሁ እማማ። ፈቃዱን ነው የምጠብቀው።»

እኔ ከግድግዳው ጀርባ ደርቄ ቀረሁ። ጠይቄአለሁ አለ! ጎርፍን ና ውሰደኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ውሃውን ግማሹን መንገድ ላይ ደፍቼ ነው ቤት የገባሁት።

አኮ ከዚያ ያመራችው ወደ ኦቦ ፊጣ ቤት ነው። የከተማው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያልመረቁት ጎጆ አይገባበትም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ወንዶቹ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አየሁ። ደቦ ተጠርቷል። አንዱ ባሕር ዛፍ ተሸክሞ ይመጣል፣ አንዱ ሐረግ፣ አንዱ የክዳን ሣር። አባቴ ምሰሶውን አመጣ፤ ዋንዛ ነው፣ የደረቀ። ለራሳችን ቤት ያስቀመጠው ነበርና እናቴ አየት አድርጋው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የኛ ሰው አንድ ልማድ አለው። ያላለቀ ቤት የማን እንደሆነ አይነገርም፤ ከባለቤቱ ፊት ደግሞ ጨርሶ። እንጨቱ ይቆማል፣ ይመረጋል፣ ይከደናል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ሙሉ እሳት ይነድበታል። ጢሱ ሣሩን ያጠነክራል፣ ጭቃውን ያደርቃል፣ ምስጥና ቁንጫውን ያባርራል። በሰባተኛው ቀን ሽማግሌው መጥቶ ይመርቃል፣ እርጥብ ሣር መቃኑ ላይ ይታሰራል፣ ያኔ ባለቤቱ ተጠርቶ «ግባ» ይባላል። ከዚያ በፊት አፍ ያወጣ ሰው ቤቱን አጨናገፈው ይባላል፤ እንደ ጽንስ ነው የሚታየው። መምህር አሥራት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ይህን ከየት ያውቃል?

ጭቃውን ስናቦካ እኔም ገባሁበት፤ እስከ ጉልበቴ። አኮ ዳር ቆማ፣ «ርገጪ ድንቂቱ፣ ርገጪ! ጭፈራ አይደለም!» ትለኛለች። ድንቂቱ እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጭዱ በጣቶች መሃል ይገባና ይኮረኩራል። መምህሩ ከትምህርት በኋላ በዚያ ሲያልፍ ቆም ይላል። «ማን ነው የሚሠራው?» ይላል። «ቤት ነው» ይሉታል ሴቶቹ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳቃቸውን በነጠላ አፍነው። ያ የቀረጥ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ሁለቴ መጥቶ ግድግዳውን በከዘራው መታ መታ አድርጎ፣ «ጥሩ ቤት ይወጣዋል» ብሎ ሄዷል። መምህሩ ይህንንም አይቷል።

ቤቱ ተከደነ። ባለ ሁለት ክፍል ነው። ጢሱን የማጨስ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እርጥብ እንጨት እየጨመርኩ እሳቱ እንዳይጠፋ፣ ነበልባልም እንዳያወጣ መጠበቅ ነው። ዓይኔ ያለቅሳል፣ እኔ ግን ኮርቻለሁ። አኮ ጆሮዬን ይዛ፣ «ሰው ቢጠይቅሽ?» አለችኝ። «አይነገርም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከቀዳዳው ሌላ ፊቱን እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ነካ። ሕፃን እንደሚነካ ሰው ነው የነካው።

«ጢሱን ከሩቅ አይቼ ነው» አለ። «ማን ገባበት?»

እሳቱን ቆሰቆስኩ።

«ጸሐፊው ነው?»

ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ወደ መሬት እንድጥል ነው የተማርኩት። አይነገርም ተብያለሁ። አይደለም ብዬ ብመልስለት ደግሞ ታዲያ ማን ነው ይለኛል። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ገባኝ» አለ። «ይሁን። ጥሩ አድርገሽ አንድጂው።»

ምን እንደገባው እኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። ሴቶቹ የተረፈውን ጭቃ ይዘው የትምህርት ቤቱን የፈረሰ ግድግዳ ሊመርጉ ወጥተዋል። እኔ እንጨት ለማምጣት ወደ መንገዱ ብወርድ መምህር አሥራት ቆሟል። የተጠቀለለ ፍራሽ ትከሻው ላይ፣ የእንጨት ሳጥኑ እግሩ ሥር። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን የጭነት መኪና እየጠበቀ ነው።

«ዝውውር መጣ?» አልኩት። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«አልመጣም» አለ። «ሳይመጣ እሄዳለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ልጄን ልይ።»

እንዴት እንደሮጥኩ! አኮ ግድግዳው ላይ ናት። «ሄደ! ሳጥኑን ይዞ ሄደ!» ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አልቻልኩም፤ አኮም አልጠየቀችኝም። እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ እንደሆነ ቁልቁል ወረደች። ሴቶቹ ሁሉ ከኋላዋ።

ስንደርስ የመኪናው ድምፅ በዳገቱ በኩል ይሰማል። አኮ ሄዳ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ሳጥኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ደከመኝ።»

«መኪናው መጣ እኮ። እባክዎ ይነሱልኝ።»

«ይምጣ። መንገዱ የእሱ፣ ሳጥኑ የእኔ።»

መኪናው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አየ፤ ጭቃ የተለቀለቁ ሴቶች፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰው፣ ሳጥን ላይ የተቀመጠች አሮጊት። «አሮጊቷም ዕቃ ናት? እንጫናት?» አለ።

«ና ጫነኝ» አለች አኮ። «ብቻ ጭቃዬ የነካውን ሁሉ አንተ ታጥባለህ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቀም። አሮጊት ከሳጥን ላይ ገፍቶ አይጥል፣ ትቶ አይሄድ። «እማማ» አለ፤ «ለጸሐፊው ቤት ሠራችሁለት፣ አይቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ እሱ የመንግሥት ሰው ነው። እኔን ግን ልቀቁኝ።»

«ለማን ነው የሠራነው?»

«ለቀረጥ ጸሐፊው።»

 አኮ ወደ ሴቶቹ ዞረች፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዷ ፈነዳች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አኮ ራሷ ሳጥኑ ላይ እየተወዛወዘች ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ለቀረጥ ሰብሳቢ በደቦ ቤት ሲሠራ የት አየህ? ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። «ልጅቷን ጠይቄአት ነበር።»

«እኔ ምንም አላልኩም!» ብዬ እሪ አልኩ።

«አላለችም» አለ እሱም። «ዝም ነው ያለችው።»

አኮ አየችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። በጭቃ እጇ ጉንጬን ዳበሰችኝና፣ «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም ወደ መምህሩ፦ «ቤቱ የአንተ ነው። አራት ቀን ይቀረው ነበር። በለው፣ አጨናገፍክብን!»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

 ፍራሹ ከትከሻው ወርዶ አቧራው ላይ ወድቋል። መኪናው ሄደ። እኔ እስካሁን ከሚሄዱ ነገሮች ሁሉ ደስ ያለኝ ያ መኪና ሲሄድ ነው። 

ኦቦ ፊጣ ሳይመገቡ ተጠሩ። «አራት ቀን ቀርቶት እንዴት እመርቃለሁ?» አሉ፤ ቢሆንም መረቁት። «ልጅ ይደግበት፣ ጢስ አይለየው፣ የገባበት ይክበርበት» አሉ። እርጥቡ ሣር ታሰረ። መምህሩ ገብቶ መሃል ቆመና እንባው ወረደ። «ጢሱ ነው» አለ። እኛም ጢሱ ነው አልን። አኮ ግን አራቱን ቀን ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም፤ ቤቱ በእርግጥ ዓመቱን ሙሉ ቁንጫ ነበረው፤ መምህሩ እግሩን ባከከ ቁጥር «አራት ቀን!» ትለዋለች፣ አራት ጣቷን አውጥታ።

ሰኞ ሴቶቹ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሊጨርሱ ተመለሱ። እኔም ረዳኋቸው፤ የእኔ ቀዳዳ ዘንድ ስደርስ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ዙሪያዋን መርጌ እሷን ተውኳት። አኮ አየቻት። «ይቺን ምን በላት?» ብላ ጭቃዋን አነሣች።

«ይተዉዋት እማማ» አለ መምህር አሥራት ከኋላችን። «ከእሷ ጀርባ የምትቆም አንዲት ተማሪ አለችኝ። ድምጿን እሰማለሁ፤ ከብዙዎቹ ትበልጣለች።»

ፊቴ ጋለ። ሁልጊዜ ያውቅ ነበር! አባቴን ሄዶ ለመነው፤ አባቴ «ውሃውን ማን ይቅዳ?» አለው፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ቀዳዳዋ ግን አልተመረገችም። አኮ ጠርዟን በእበት ለቅልቃ ክብ አደረገችልኝ፤ እንደ መስኮት።

ሚስቱ የመጣችው በታኅሣሥ፣ ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያው የጭነት መኪና፣ ከዚያው ሾፌር ጎን። ሾፌሩ አኮን ሲያይ «ዛሬ ሳጥን የለኝም፣ አትቀመጪብኝ!» ብሎ ጮኸ። መምህሩ ልጁን ተቀበለና አያያዙ ጠፋው፤ እንደ መጽሐፍ ነው የያዛት። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ የተላከ ፖስታም ሰጠው፤ ሳያነበው ኪሱ ከተተው።

ሚስቱ አንድ እስር ጋዜጣ ይዛ መጥታ ነበር። ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ ነው። የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ይቀባል፣ እኔ እለጥፋለሁ። ፎቶ ያለበትን እየመረጥኩ ዝቅ አድርጌ ነው የምለጥፈው፣ ሕፃኗ እንድታየው። ሊያልቅ ሲል ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ጋዜጣ አይደለም፣ ነጭ ነው፣ ጥግ ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አለበት። ትንሽ አየው። ሚስቱም ከትከሻው በላይ አየችው።

«ይቺን አልጋዬ ትይዩ ለጥፊልኝ» አለኝ።

በጣም አምራኝ ነበርና በጥንቃቄ፣ ጥግ ጥጉን እየተጫንኩ ለጠፍኳት። ማኅተሙ ከላይ ሆነ፤ ፀሐይ መሰለኝ። መምህሩ ራቅ ብሎ አየና ሳቅ አለ። ሚስቱ «ኧረ…» ስትል እጇን ያዘ። «ግሩም ነው» አለኝ። «እንደዚሁ ይቆይ።»

ዓመታት አለፉ፤ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝረውም። ደርግ ገብቶ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እኔም ጡት የሚጠባ ልጄን አዝዬ ፊደል ቆጠርኩ። «ሀ» ክብ እንዳልሆነች ያኔ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ያ ቤት ፈርሶ ለአስተማሪዎች የቆርቆሮ ቤት ይሠራል ሲባል ልሰናበተው ሄድኩ። ከእሱ በኋላ የኖሩት በጋዜጣው ላይ ጋዜጣ ደራርበውበታል። ጣቴን አስገብቼ ብስበው እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ ከሥር ሐምራዊዋ ፀሐይ ወጣች።

ለካ ወረቀቷን ዘቅዝቄ ነበር የለጠፍኳት። አንገቴን እንደ ዶሮ ጠምዝዤ፣ ፊደል በፊደል ለቀምኳት። መምህር አሥራት በጠየቀው መሠረት ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወር ተፈቅዶለታል ትላለች፤ የተጻፈችውም በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ነው።